ኮስቲሙሌሽን ምንድን ነው? ዶዝ መጨመር አይደለም

ሰሞኑን ስለ ካንሰር ሕክምና የተጻፈ ነገር ሳነብ «ኮስቲሙሌሽን ማለት ቲ ሴሉን የበለጠ ማነቃቃት ነው» የሚል አገኘሁ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። አሁንስ በዛ። ነገሩን የምታበላሸው «የበለጠ» የምትለዋ ቃል ናት።

ቲ ሴል በሽታን የሚዋጋ የነጭ ደም ሴል ነው፤ ለዚህም ሁለት ምልክት ይፈልጋል። አንደኛው «ጠላትህ ይኸውልህ» የሚለው ነው፤ ቲ ሴሉ ላይ ባለው ሲዲ3 በሚባል ፕሮቲን በኩል ይገባል። ሁለተኛው «ቀጥል፣ ተባዛ፣ አትሙት» ይለዋል፤ በሲዲ28 ወይም በመሰሎቹ በኩል። ኮስቲሙሌሽን ይህ ሁለተኛው ነው። የአንደኛው እጥፍ አይደለም፤ ሌላ በር፣ ሌላ መልእክት ነው።

ለቡና ከሰል ያያያዘ ሰው ይህ አይጠፋውም። በክብሪት የአንዱን ከሰል ጫፍ ታስይዛላችሁ። ካላራገባችሁት ጫፉ ቀላ ብሎ ይጠፋል። ክብሪት ብትደራርቡበትም ያው ነው። ፍሙን ወደ ሌላው ከሰል የሚያዛምተው ማራገቢያው ነው። ያልተያያዘ ከሰል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብታራግቡት ጥቁር እንደሆነ ይውላል።

ቲ ሴል ኢንጌጀር የሚባለው መድኃኒት ክብሪቱ ነው። በአንድ እጁ የቲ ሴሉን ሲዲ3፣ በሌላው የካንሰር ሴሉን ይዞ ያገናኛቸዋል። በደም ካንሰር ሠርቷል፤ ብሊናቱሞማብ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እዚያ የቀናው በብዙ ምክንያት ነው። አንዱ ግን ዒላማዎቹ ቢ ሴሎች መሆናቸው ነው፤ እነሱ ሲዲ28ን የሚነኩትን ፕሮቲኖች ራሳቸው ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ነፋስ ባለበት ግቢ ከሰል እንደማያያዝ ነው። የሳንባ፣ የአንጀት ወይም የፕሮስቴት ዕጢ ግን በአብዛኛው እነዚህን አይዝም። ከሰሉ እርጥብ፣ ጓዳውም ነፋስ የማይገባበት ነው። እዚያም ቢሆን ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንድ ኃይለኛ የሳንባ ካንሰር ዓይነት የተፈቀደው ታርላታማብ የተባለ ኢንጌጀር፣ ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት ከ10 ታካሚዎች በ4ቱ ያህል ዕጢውን አሳንሷል። የቀሩት 6ቱ ናቸው እንቅልፍ የሚነሱኝ።

«ኢንጌጀር እኮ ያለ ሁለተኛ ምልክት ይገድላል፤ በላብራቶሪ ታይቷል» የሚል ተከራካሪ አለ። ልክ ነው፣ ይገድላል። ቀድሞ ጠላት አይቶ የሚያውቅ ቲ ሴል በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ግን አንድ ቀን መግደልና ሳምንታት መቆየት ለየቅል ናቸው።

በላብራቶሪ በየጊዜው የማየውን ልንገራችሁ። ቲ ሴሎቹን የምናሳድግበት ፈሳሽ ቀላ ያለ ነው። አንደኛውን ምልክት ብቻ ስንሰጣቸው ይሰባሰባሉ፣ ትንሽ ያብጣሉ፣ ከዚያ ይበተናሉ። ፈሳሹ እንደቀላ ይቀራል። ሁለቱንም የሰጠናቸው ግን እንደ ወይን ዘለላ ተከማችተው ይባዛሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፤ እየበሉ አሲድ ስለሚያወጡ ነው። የአንደኛውን ምልክት መጠን ብቻ በመጨመር ያን ቢጫ አላገኘሁትም።

ስለዚህ ሁለተኛ ሞለኪውል እየተሠራ ነው። በአንድ እጁ ዕጢውን፣ በሌላው ሲዲ28ን የሚይዝ። ዕጢውን፣ ሲዲ3ንና ሲዲ28ን ሦስቱንም የሚይዝ አንድ ሞለኪውል የሠሩም አሉ። ትልቁ ጥያቄ ማራገቢያው ዕጢው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2006 ለንደን ውስጥ ቲጂኤን1412 የተባለ ሲዲ28ን የሚነካ አንቲቦዲ ለ6 ጤነኛ ወጣቶች ተሰጠ። ያልተያያዘውን ከሰል ሁሉ የሚያቀጣጥል ዓይነት ማራገቢያ ነበር፤ አንደኛውን ምልክት አይጠብቅም። በ90 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ታመሙ፤ በኋላም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ደግነቱ ሁሉም ተረፉ። ቀድሞ የተሞከረባቸው ዝንጀሮዎች ምንም አላሳዩም፤ አደጋውን ያመጡት ዓይነት ቲ ሴሎች በእነሱ ላይ ሲዲ28 አልነበራቸውም። የዛሬዎቹ ሞለኪውሎች ያለ አንደኛው ምልክት ዝም እንዲሉ ተደርገው የሚመረጡት ለዚህ ነው።

ኮስቲሙሌሽንን «ፍሬን መልቀቅ» የሚሉትም አሉ። ፍሬን የሚለቁት ግን ፒዲ-1ን፣ ማለትም ቲ ሴሉን የሚያቀዘቅዘውን ፕሮቲን፣ የሚያግዱት መድኃኒቶች ናቸው። ያ አመድ መጥረግ ነው። ፒዲ-1 በዋናነት የሚያፍነው ደግሞ ራሱን የሲዲ28ን መልእክት ነው። አመዱ ቢጠረግም የሚያራግብ ከሌለ ትርፉ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቁኝም። በዕድሜ የገፋ ወይም ለዓመታት ሲዋጋ የኖረ ቲ ሴል ብዙ ጊዜ ሲዲ28ን ያጣል። እንዲህ ያለውን በሲዲ28 ብትጠሩት አይሰማም። ለእሱ ፎር-ዋን-ቢቢ የሚባል ሌላ በር እየተሞከረ ነው። ይህም በር የሚከፈተው ቲ ሴሉ አንዴ ከነቃ በኋላ ነው። በመላ ሰውነት ሲነካ ደግሞ ጉበትን ክፉኛ እንደሚጎዳ ከቀደሙት ሙከራዎች አይተናል። እሱንም ዕጢው ላይ ብቻ ለማሳረፍ ነው አሁን ትግሉ።