ስም በጣና ዳር፦ በሐመሩ ሐ ወይስ በሀሌታው ሀ?

ባሕር ዳር ገብቶ የሱቅ ታፔላ ሲያነብ የሚውል ሰው የከተማዋን ስም በአራት መልክ ያገኘዋል፦ ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር። ሲነበብ ያው ነው። ከተማ ስለሆነች ማንም አይጠይቃትም። ሰው ግን መታወቂያ አለው፣ ፓስፖርት አለው፣ የባንክ ደብተር አለው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፊደሉ ነው። በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ፊደላት አማርኛ ላይ አንድ ሆነው ቀርተዋል። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ አይለዩም። እሳቱ ሰ ከንጉሡ ሠ፣ አልፋው አ ከዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ ከፀሐዩ ፀ እንደዚሁ። ሀ እና ሃም፣ አ እና ኣም ለጆሮ አንድ ናቸው። እስቲ ዓለምፀሐይ የሚለውን ስም እንቁጠር። ለ«ዓ» 4፣ ለ«ፀ» 2፣ ለ«ሐ» 6 አማራጭ አለ። ሲባዛ 48! ሁሉም ዓለምፀሐይ ተብሎ ይነበባል። ለያይተው የሚጽፉት ሲጨመሩ 96 ይሆናል፤ እሱን እንተወው።

ለጎጃም የቅኔ ሰዎች ግን ይህ ቀልድ አይደለም። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ምሥራቅም ከዚያው ይወለዳል። በእሳቱ ሰ ሲሆን ግን ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። ስለዚህ ሠረቀ ብርሃን የተባለ ሰው በግድየለሽ ጸሐፊ እጅ ከገባ «ብርሃን ሰረቀ» ሆኖ ያርፈዋል። ምሕረትም እንዲሁ ናት። መሐረ ይቅር አለ፣ መሀረ ደግሞ አስተማረ ነው፤ ትምህርት የሚለው ቃል የመጣው ከሁለተኛው ነው። ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን በሀሌታው ሀ የጻፈ ሰው የቅኔ ተማሪ ፊት ባይቀርብ ይሻለዋል። በእኔ እምነት የግዕዝ ሥር ላለው ስም ሥሩን ተከትሎ መጻፍ ነው የሚሻለው። ቢያንስ ለምን እንዲህ ጻፍክ ለሚል መልስ ይኖራል።

አነጋገሩም የራሱ ጣጣ አለው። ጣና ላይ ያለው ጥንታዊ ገዳም በጽሑፍ ጣና ቂርቆስ ነው፣ በአፍ ግን ጣና ጨርቆስም ይባላል። እዚያው ጣና ላይ ባለው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አፅማቸው ያረፈው ንጉሥ (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ነው) አንዱ ጋ ፋሲል፣ ሌላው ጋ ፋሲለደስ፣ ሌላው ጋ ፋሲሊደስ ናቸው። ቴዎድሮስ ቴድሮስ ይሆናል፣ ማርያም ማሪያም፣ ወንድማገኘሁ ወንዳገኘሁ። ደስ አለኝ ደሳለኝ ከሆነ ቆይቷል፤ አሁን ለያይቶ የሚጽፈው ሰው ነው እንግዳ የሚመስለው።

ድሮ ይህ ሁሉ ችግር አልነበረም፤ ሰውን የሚያውቀው ሰው ነበር። ኮምፒውተር ግን ጆሮ የለውም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ የቁጥር ሥርዓት) ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጠው። ስለዚህ ኃይሉ ብለው ሲፈልጉ ሀይሉ አይመጣም። የእኔ የአባቴ ስም በትምህርት ማስረጃዬ ላይ በሐመሩ ሐ፣ በመታወቂያዬ ላይ በሀሌታው ሀ ነው። አንድ መስኮት ላይ ያለች ልጅ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለችኝ። የአባቴን ስም ሦስቴ ጮክ ብዬ ጠራሁላት፤ ምንም አልጠቀመኝም። የላቲን ፊደሉ ደግሞ የሀን እና የሐን ልዩነት ያጠፋና የራሱን ያመጣል፦ ፀሐይ በ«ቲ» ብቻ ትጀምር ወይስ በ«ቲኤስ»?

የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ግዴታ ከሆነ ወዲህ ምርጫው ሕፃኑ ገና ጡት ሳይጥል የሚያልቅ ሆኗል። ወላጅ ስሙን ይናገራል፣ መዝጋቢው በለመደው ፊደል ይጽፋል። ብልህ ወላጅ በወረቀት ጽፎ ይሄዳል።

በክርስትናው ስም ላይ ፊደል አያጨቃጭቅም ነበር። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ስሙ ይጠራል እንጂ ማን ይጽፈዋል። አሁን ግን የክርስትና ካርድ ይሰጣል። እዚያም ላይ ወለተ ሥላሴ አንዷ ጋ በንጉሡ ሠ፣ ሌላዋ ጋ በእሳቱ ሰ ተጽፋለች።