ላምዳ እየተለወጠ ይሆን? የሚፈተነውስ እንዴት ነው?

አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ላምዳ የተባለውን ቋሚ ቁጥር ቀመሩ ውስጥ የከተተው ጽንፈ ዓለም ሳይሰፋ ሳይጠብ ባለበት እንዲቆምለት ነበር። በ1998 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች የሩቅ ሱፐርኖቫዎችን (የሚፈነዱ ከዋክብትን) ሲለኩ የጽንፈ ዓለም መስፋፋት ጭራሽ እየፈጠነ ሆኖ አገኙት። ላምዳም ተመልሶ መጣ፤ ግን ለሌላ ሥራ፦ መስፋፋቱን የሚያፈጥነውን፣ ዳርክ ኢነርጂ የተባለውን ነገር እንዲወክል።

እስካሁን ቋሚ ነው ተብሎ ይሰላል። ቢለወጥስ? ለመፈተን ሁለት ቁጥሮች በቂ ናቸው። አንዱ የዳርክ ኢነርጂ ግፊት ከጉልበቱ ጋር ዛሬ ያለው ጥምርታ ነው፣ ሌላው ያ ጥምርታ በጊዜ ምን ያህል እንደተቀየረ ይናገራል። ላምዳ እውነትም ቋሚ ከሆነ የመጀመሪያው ልክ -1፣ ሁለተኛው ዜሮ መውጣት አለበት።

አሁን ላምዳ እየተለወጠ ሊሆን ይችላል የሚለውን ወሬ ያመጣው ዴሲ የሚባለው መሣሪያ ነው። አሪዞና ውስጥ ኪት ፒክ ላይ፣ 4 ሜትር መስታወት ባለው ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመ ሲሆን 5,000 ትንንሽ ሮቦቶች እያንዳንዳቸው አንድ የፋይበር ጫፍ ይዘው ወደየጋላክሲያቸው ያነጣጥራሉ። የሚያሳድዱት አንድ ርቀት ነው። ገና ጋላክሲ ሳይፈጠር በጋለው ጋዝ ውስጥ የተጓዘ የድምፅ ሞገድ ዱካውን ስለተወ፣ ጋላክሲዎች ዛሬ ወደ 490 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ተራርቀው የመገኘት ዕድላቸው ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ርዝመት በየዘመኑ ሰማይ ላይ ስንት ሆኖ እንደሚታይ ከተለካ የመስፋፋቱ ታሪክ ተገኘ ማለት ነው።

በማርች 2025 የወጣው ውጤት ከ14 ሚሊዮን በላይ ጋላክሲና ኳዛር (እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርት) ይዟል። ከቢግ ባንግ በተረፈው ጥንታዊ ብርሃን ላይ ከተወሰደው ልኬት ጋር ሲጣመር፣ ዳርክ ኢነርጂ እየላላ ነው ወደሚለው በ3.1 ሲግማ ያጋድላል (ሲግማ ከፍ ባለ ቁጥር ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ ያንሳል)። ሱፐርኖቫ ሲጨመርበት ግን፣ እንደተመረጠው የሱፐርኖቫ ስብስብ፣ ከ2.8 እስከ 4.2 ይዋዥቃል። ልብ በሉ፣ ሰማዩ አንድ ነው! እኔን የሚከነክነኝም እዚህ ጋ ነው። የቅርቦቹና የሩቆቹ ሱፐርኖቫዎች በአብዛኛው በተለያየ ቴሌስኮፕ የተለኩ ናቸው፤ በብሩህነታቸው ላይ ሾልካ የገባች ጥቂት መቶኛ ስህተት ተለዋዋጭ ላምዳ መስላ ቁጭ ልትል ትችላለች። ግኝት ነው ለማለት ደግሞ በተለምዶ የሚጠየቀው 5 ሲግማ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ቁጥሮቹ ጥምርታው ድሮ ከ-1 በታች ወርዶ እንደነበር ይጠቁማሉ፣ ቀላሎቹ ሞዴሎች ደግሞ ይህን መስመር መሻገር አይችሉም። ስለዚህ ላምዳን ጥሎ የሚተካውን መምረጥም ቀላል አይደለም። ለሱፐርኖቫው ክርክር ግን ቺሊ ያለው የሩቢን ቴሌስኮፕ ብዙ ይጠበቅበታል፤ ቅርቡንም ሩቁንም በአንድ ካሜራ ይለካል።