«ውሃ ገፊ» ምንድን ነው? ስለ መኪና የጨርቅ ጣሪያ

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና ላለው ሰው «ውሃው ጣሪያው ላይ ዶቃ ሠርቶ ካልተንከባለለ ጣሪያው ማስገባት ጀምሯልና ቶሎ ዋተርፕሩፍ ስፕሬይ ይርጩበት» ብሎ ሲመክር አነበብኩ። የመኪና ወንበርና ጣሪያ ልብስ በምሰፋበት የሻርጃ ጋራዥ ይህንኑ ምክር ደንበኞች እኔ አፌን ሳልከፍት ይነግሩኛል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት ይዟል፤ ሁለቱም የሚመነጩት «ውሃ ገፊ» እና «ውሃ የማያስገባ» የሚሉትን እንደ አንድ ነገር ከመቁጠር ነው።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የጣሪያ ጨርቅ ሦስት ንብርብር ነው። ላዩ ከአክሪሊክ ክር የተሸመነ ነው፤ ከሥሩ ገበር አለው፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ቡቲል የሚባል ስስ የላስቲክ ንጣፍ አለ። ዝናቡን የሚያግደው ይህ ላስቲክ ነው፤ ስፕሬይ አይደርስበትም፣ ቢደርስበትም አያድሰውም። ውሃ ገፊ የሚባለው ግን በላይኛው ሽመና ክሮች ላይ የተቀባ፣ በዓይን የማይታይ ሽፋን ነው። ሥራው ጠብታው በክሮቹ መካከል እንዳይሰርግ፣ ይልቁንም ተሰብስቦ እንዲንከባለል ማድረግ ብቻ ነው። ጨርቁ እንዳይርስ ያደርጋል፣ ንጽሕናውን ይጠብቃል፤ የተሳፋሪውን ራስ ከዝናብ የመጠበቅ ኃላፊነት ግን የእርሱ አይደለም።

ምጣድን ያስቡ። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም፤ ከተሟሸ በኋላም ጋጋሪዋ ጎመን ዘር እየነሰነሰች በማሰሻ ታስሰዋለች። እንጀራው ሲይዝባት «ምጣዱ ተሰበረ» የምትል ሴት አላየሁም፤ የጎደለው ማሰሱ እንደሆነ ታውቃለች። የጣሪያው ጨርቅም ከፋብሪካ ተሟሽቶ ይወጣል፤ እኛ በየጊዜው የምንረጨው ማሰሻው ነው። ምጣዱ በእውነት ከተሰነጠቀ ደግሞ የፈለገውን ያህል ጎመን ዘር ቢታሽበት ሊጡ በስንጥቁ መውረዱን አይተውም። ያረረ ፍርፋሪ የተጣበቀበትን ምጣድ ሳይፍቁ ቢያስሱትም የሚለሰልሰው ፍርፋሪው እንጂ ምጣዱ አይደለም፤ የአብዛኞቹ ደንበኞቼ ችግር ይህ የመጨረሻው ነው።

ዶቃው የጠፋበት ጣሪያ ሲመጣልኝ አስቀድሜ የምጠረጥረው ሳሙናን ነው። የንጹሕ ውሃ የገጽ ውጥረት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 72 ሚሊኒውተን በሜትር ያህል ነው፤ ጠብታውን ክብ አድርጎ የሚይዘው ይህ ኃይል ነው። የሳሙና ሥራ ይህንኑ ኃይል ማዳከም ሲሆን ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላል። እንግዲህ በሳሙና ታጥቦ በቅጡ ያልተለቀለቀ ጣሪያ በሽመናው ውስጥ የቀረው ሳሙና የሚቀጥለውን ውሃ ራሱ ስቦ ያሰርገዋል። ባለቤቱ «ካጠብኩት ወዲህ ባሰበት» ሲለኝ አልከራከረውም፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ አቧራውን በደረቁ፣ በለስላሳ ብሩሽና በቫኪዩም አነሣለሁ፤ ለጨርቅ ጣሪያ በተዘጋጀ ሳሙና በሽመናው አቅጣጫ አሻለሁ፤ ከዚያም ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ከናካቴው አረፋ እስኪያጣ ድረስ እለቀልቃለሁ። መለቀልቁ ከማሸቱ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስድብኛል። ከደረቀና ፀሐይ ካገኘ በኋላ ሙቀቱ የሽፋኑን ሞለኪውሎች መልሶ ስለሚያደራጃቸው፣ ምንም ስፕሬይ ሳይነካው ጠብታው ዳግም ሲንከባለል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጣሪያው በሚታጠፍበት መስመር ላይ በፍትጊያ ያለቀው ሽፋን ግን በዚህ አይመለስም፤ ስፕሬይ የሚገባው እዚያ ነው።

ያው አስተያየት ሰጪ «በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዝናብ ስለሌለ ይህ ሁሉ አያስፈልግም» ሲልም ጨምሮበታል። በባሕሩ ዳርቻ ያደረ ሰው እንዲህ አይልም። በሙቀቱ ወራት ቀኑ በጥላ ሥር ከ40 ዲግሪ በላይ ውሎ ሌሊት እርጥበቱ መኪናውን እንደ ታጠበ ያደርገዋል፤ ሸማል የሚባለው ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አሸዋ በዚያ ጤዛ ይላቆጥና ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ከክሩ ጋር ይደርቃል። ይህን ጣሪያ ሳያጸዱ ማጠፍ ጨርቁን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። ውሃ ገፊው በክሩ ላይ ካለ ጭቃው ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ በብሩሽ ይነሣል፤ በረሃ ውስጥ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው፤ ዝናቡ ትርፍ ነው።

ዝናቡም ቢሆን ይመጣል። ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. (አፕሪል 16 ቀን 2024) በኤምሬትስ በጣለው ዝናብ አል ዐይን አካባቢ ኸትም አል ሸክላ በሚባለው ቦታ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ተለክቷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ምንጣፉ የራሰ አንድ መኪና መጣልኝ፤ ባለቤቱ ሦስት ቆርቆሮ ስፕሬይ ጨርሶበታል። ጣሪያውን ከፍ አድርጌ ከኋላ ባለው የውሃ መውረጃ ገንዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨመርኩ፤ ውሃው ዝም ብሎ ተኛ። በቀጭን የናይለን ገመድ ቱቦውን ስጎረጉረው መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ፣ ቀጥሎ አንድ የተምር ፍሬ ወጣ። ጣሪያው ጤነኛ ነበር፤ ምንጣፉን ያራሰው የተደፈነው የውሃ መውረጃ ቱቦ ነው። ስፕሬዩ ግን የኋላውን መስታወት አደብዝዞት ስለነበር እርሱን ስፍቅ ዋልኩ።

ሥራዬ መስፋት ነውና አንድ ነገር ልጨምር። ላስቲኩ ዝናብን ያግዳል ያልኩት መርፌ ያልነካውን ቦታ ነው፤ በስፌቱ መስመር ላይ መርፌው ሦስቱንም ንብርብር ስለሚበሳ ውሃውን የሚያግደው የስፌቱ ማሸጊያና የክሩ ጥብቀት ነው። ፕሬዠር ማሽንን ወደ ስፌቱ አስጠግተው የሚያጥቡ ሰዎች የሚጎዱትም ይህንኑ ነው። ስፌት ካፈሰሰ የስፌት ማሸጊያ ወይም እንደገና መስፋት ነው የሚሻው። ጣሪያው ቪኒል (ቆዳ መሰል ፕላስቲክ) ከሆነ ደግሞ ስለ ውሃ ገፊው ያልኩት አይመለከተውም፤ ለቪኒል የተሠራ ሌላ መከላከያ አለ።

መርጨት የግድ ከሆነ የቆርቆሮው ጽሑፍ ይነበብ። ለረጅም ዘመን ከፍሎሪን ውሕዶች ሲሠሩ የኖሩት ውሃ ገፊዎች በአካባቢ ውስጥ ሳይበሰብሱ ስለሚቆዩ በተለያዩ አገሮች እየተገደቡ ነው፤ ፍሎሪን የሌለባቸው ተተኪዎች ውሃን ደኅና ይገፋሉ፣ ዘይትን ግን አይገፉም፤ የጭስና የዘይት ብናኝ በሚበዛበት የከተማ መንገድ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ደቃቁ ርጭት ወደ ሳንባ ሲገባ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መርጨት አይገባም። መስታወቱና ቀለሙ ይሸፈን፣ ጨርቁ በጥላ ሥር የቀዘቀዘና ፍጹም የደረቀ ይሁን፣ አንድ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ስስ ይቀባ። እስኪደርቅ ድረስ ጣሪያው አይታጠፍ፤ ይህ በሻርጃ የሐምሌ ቀን ጥቂት ሰዓት ነው፤ በጥር ጭጋግ ግን እስከ ማግስቱ ያቆያል።