የሱፐርኮምፒውተር ፍጥነት እንዴት ይለካል?

ሁለት እኩልታ ተሰጥቶን ኤክስንና ዋይን ስንፈልግ፣ አንዱን በቁጥር አባዝተን ከሌላው እንቀንስና አንዱን ያልታወቀ እናጠፋለን። የዓለም ሱፐርኮምፒውተሮች ደረጃ የሚወጣውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ልዩነቱ ያልታወቁት ቁጥሮች ከ20 ሚሊዮን በላይ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ፈተናው ሊንፓክ ይባላል።

መነሻው ትንሽ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጃክ ዶንጋራና ባልደረቦቹ በ1979 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊንፓክ ለተባለው ሶፍትዌር መመሪያ ሲጽፉ፣ ተጠቃሚው ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እንዲገምት ብለው የ100 እኩልታዎች ስሌት በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ የወሰደውን ጊዜ በአባሪ አሰፈሩ። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ቶፕ 500 የተባለው ዝርዝር በየሰኔውና በየኅዳሩ ይወጣል። የመጀመሪያው አንደኛ፣ በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የነበረው ሲኤም-5፣ 59.7 ጊጋፍሎፕስ አስመዘገበ፤ በሰከንድ ወደ 60 ቢሊዮን ስሌት ማለት ነው። በ2022 ፍሮንቲየር የተባለው የአሜሪካ ሱፐርኮምፒውተር 1.1 ኤክሳፍሎፕስ ደረሰ። አንድ ኤክሳፍሎፕስ በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ስሌት ነው።

ታዲያ ይህ ቁጥር የማሽኑን አቅም በሙሉ ይናገራል? በፍጹም። ሊንፓክ ከሜሞሪ አንዴ ያመጣውን ቁጥር ደጋግሞ ስለሚጠቀምበት ፕሮሰሰሩ ሥራ አይፈታም። የብዙ ሳይንሳዊ ስሌቶች ሰንጠረዥ ግን አብዛኛው ዜሮ ነው፤ የሚፈለጉት ቁጥሮች እዚህም እዚያም ተበታትነዋል፤ ፕሮሰሰሩ አንዷን ቁጥር አስልቶ ቀጣዩዋ እስክትመጣ ይጠብቃል። ዋናው ማነቆ ይህ ጥበቃ ነው፤ ዶንጋራ ራሱ ከማይክል ሄሩ ጋር ኤችፒሲጂ የተባለውን ሌላ ፈተና ያዘጋጀውም እሱን ለመለካት ነው። በጃፓን ኮቤ ከተማ ያለው ፉጋኩ በሊንፓክ 442 ፔታፍሎፕስ (አንድ ፔታፍሎፕስ የኤክሳፍሎፕስ አንድ ሺኛ ነው) ሲያስመዘግብ በኤችፒሲጂ 16 ብቻ ነው፤ ከ4 በመቶ በታች። ያም ሆኖ በሊንፓክ ከእጥፍ በላይ የሚበልጠውን ፍሮንቲየርን በዚህኛው ፈተና ቀድሞታል፤ ፍሮንቲየር ያገኘው 14 ነውና። እንግዲህ «ፈጣኑ» ማን ነው ሲባል፣ በየትኛው ፈተና ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

የመብራቱ ነገርም አለ። ፉጋኩ ለሊንፓክ ፈተናው ወደ 30 ሜጋ ዋት ፈጅቷል። ከ2007 ጀምሮ የሚወጣው ግሪን 500 በአንድ ዋት ስንት ስሌት እንደተሠራ እያየ ደረጃ ያወጣል፤ እንደኔ ከሁሉም ይልቅ ሊታይ የሚገባው እሱ ነው።

ቶፕ 500 የሚመዘግበው ውጤቱ የቀረበለትን ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ብሉ ዋተርስ በ2012 ከዝርዝሩ የቀረው አቅም አንሶት ሳይሆን፣ ባለቤቶቹ ሊንፓክ ተመራማሪዎች በማሽኑ የሚሠሩትን ሥራ አይወክልም ብለው ውጤት ስላላስገቡ ነው።