የካሜራውን ቁልፍ ሌላ ሰው ከተጫነው «የራስ ምስል» መባሉ ይቀራል?

አይቀርም። ዋናው ማን ተጫነ ሳይሆን ማን ወሰነ ነው። ብርሃኑን፣ አቀማመጡን፣ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚደበቅ የመረጥሽው አንቺ ከሆንሽ፣ እህትሽ ብትጫንልሽም የራስሽ ምስል ነው። ከሴቶች መብት ጋር የሚያያዘውም በዚህ ነው፦ ሁሌ በሌላ ዓይን የምትታይ ሴት እንዴት እንደምትታይ ራሷ ትወስናለች። መገላለጥ ግን ግዴታ አይደለም፤ ጀርባሽ ወይም እጅሽ ብቻም ይበቃል።

ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ቤት ነደባ (በሐረሪ ቤት ውስጥ ያለው ከፍ ያለ መቀመጫ) ላይ ተቀምጠሽ ፎቶ መነሳት ፈለግሽ እንበል። ብርሃን ከጎን እንዲገባ በሩን ክፈቺ፤ ስልኩን በደረትሽ ቁመት ልክ አቁሚና ቆጣሪውን 10 ሰከንድ ላይ አድርጊ። ብዙዎችን የሚያበሳጨው እዚህ ጋ ይመጣል፦ ስታስተካክዪ ነደባው ባዶ ስለሆነ ስልኩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ያጠራል፣ ፊትሽ ይደበዝዛል። በምትቀመጪበት ቦታ ትራስ አቁሚ፤ ስክሪኑ ላይ ትራሱን ተጭነሽ ያዢ፣ በብዙ ስልኮች ፎከሱ ይቆለፋል። ከዚያ ትራሱን አንስተሽ እዚያው ተቀመጪ።

የሚያከራክረው ሌላ ሰው መስሎ ፎቶ መነሳት ነው። አሜሪካዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ሲንዲ ሸርማን ለአሥርት ዓመታት ራሷን ሞዴል አድርጋ፣ ሌላ ሰው እየመሰለች ሠርታለች፤ እሷ ግን ሥራዎቿን የራስ ምስል አትላቸውም፣ ብዙ ተመልካች ደግሞ ይላቸዋል።