የእንጨት እስክሪብቶ ለመሥራት ትንሽ ቶርኖ መምረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሞተሩ ትልቅ ካልሆነ ወይራ አይበገርለትም»

ቶርኖ እንጨት እያሽከረከረ በመሮ የሚላግበት ማሽን ነው። ለእስክሪብቶ የሚቆረጠው እንጨት 2 ሳንቲሜትር በ2 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 13 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ለዚህ ግማሽ የፈረስ ጉልበት (370 ዋት ገደማ) ይበቃል፤ ወይራም ቢሆን። ይልቅ ፍጥነቱን ጠይቁ፦ በደቂቃ ከ2500 እስከ 3000 ዙር የማይደርስ ማሽን ቀጭን እንጨት ይቦጫጭራል እንጂ አይልግም።

ከመግዛታችሁ በፊት እንጨቱን ከሁለት ጫፍ የሚይዙትን ሁለቱን ሾጣጣዎች፣ የፊቱንና የኋላውን፣ ጫፍ ለጫፍ አገናኟቸው። ካልገጠሙ ተዉት። የሚሽከረከረውን ራስ በእጅ ነቅንቁት፤ ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው አልቋል።

«እስክሪብቶው ሞላላ የሚወጣው ማሽኑ ርካሽ ስለሆነ ነው»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጅ ነው። እንጨቱ የሚሰካበት ዘንግ 6 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዳዶውን በመፍቻ ካጠበቃችሁት፣ ወይም የኋላውን ሾጣጣ ገፍታችሁ ከጫናችሁት ዘንጉ ይጎብጣል፤ እንጨቱም አንድ ወገኑ ወፍራም፣ አንድ ወገኑ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ዳዶው በጣት ይጥበቅ፣ ሾጣጣውም ነክቶ ብቻ ይቁም። ሾጣጣው አብሮ የሚዞርና 60 ዲግሪ የሆነ ይሁን።

«የእጅ ትራፓኖ ጠረጴዛ ላይ ከታሰረ ቶርኖ ነው»

አይደለም። የትራፓኖ ኩሽኔታ የተሠራው ወደ ፊት ለሚገፋ ጫና ነው፤ መሮ ከጎን ሲጫነው ቶሎ ይላላል። ያለቀ እስክሪብቶ በብርጭቆ ወረቀት ለማለስለስ ግን ጥሩ ነው።

«110 ቮልት ማሽን ትራንስፎርመር ካገኘ ምንም አይሆንም»

ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ካርቦን የሌለው ሞተር እዚህ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ይበልጥም ይግላል። ካርቦን ያለው ሞተር ግን ኸርዙ አያስጨንቀውም።

እዚህ ላይ ከፍታውም አለ። የሞተር ጉልበት በተለምዶ የሚሰላው እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ኮምቦልቻ ከ1800፣ ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ናቸው። ስስ አየር ሞተር በደንብ አያቀዘቅዝም። የማናፈሻ ቀዳዳውን ከብናኝ አጽዱ፣ እጅ የሚያቃጥል ከሆነም አሳርፉት። ማብሪያው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ የማይነሳ ዓይነት ይሁን፤ ይህን ችላ አትበሉ፣ ጣት ያስቆርጣል።

«የቁም ትራፓኖ ግዴታ ነው»

የእንጨቱን መሐል ለመብሳት ቶርኖው ራሱ ይበቃል፤ እንጨቱ በፊቱ ራስ ይታሰራል፣ ፑንታው (መብሻው) በኋላው ይገፋል። የቁም ትራፓኖ ካማራችሁ ግን መውረጃውን በሜትር ለኩ። ብዙዎቹ ትንንሾች 5 ሳንቲሜትር ብቻ ይወርዳሉ፤ በተበሳው እንጨት ውስጥ የሚገባው የተለመደው ባለ 7 ሚሊሜትር የናስ ቱቦ ደግሞ ርዝመቱ 53 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ በ3 ሚሊሜትር ትቀራላችሁ። ስትበሱ በየሳንቲሜትሩ ፑንታውን አውጥታችሁ ፍርፋሪውን አራግፉ፤ ሙቀት እንጨት ይሰነጥቃል። ፑንታው የሚወጣበት ጫፍ ስለሚፈነዳ ትርፍ ተዉለትና ኋላ ቁረጡት።

«ከደሴ የመጣ ደረቅ እንጨት ኮምቦልቻም ደረቅ ነው»

በደሴ ብርድና ጭጋግ የከረመ እንጨት ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ እንደገና ይደርቃል፣ ይሟሽሻል። ናሱ ግን አይሟሽሽም፤ ስለዚህ እንጨቱ በላዩ ላይ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በልኩ ቁረጡትና እዚያው ቤት አቆዩት፣ በየሳምንቱም በግራም ሚዛን መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያኔ ብሱት።