«ውጭ ተምሮ ከመጣማ ማን ይቀድመዋል!» ደሴ ላይ በየቡናው የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው እሁድ ጎረቤታችን ቡና ጠራችን። ጦሳ ጭጋጉን ገና አላራገፈም፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ አንድ ባለቀለም ወረቀት ከትራስ ስር አውጥታ ሰጠችኝ። ተማሪ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንት ወረቀት ነው። ልጇ የ12ኛን ፈተና አልፏል፣ እህቱ ጅዳ ሆና ስታጠራቅም ከርማለች፣ እና ልጁ ሕክምና ሊማር ውጭ ሊሄድ ነው። «ዶክተርዬ፣ አንተም እዚያው ተምረህ የለ፣ እስቲ እየው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቻይና 6 ዓመት ተምሬ ነው የመጣሁት፤ አሁን ሬዚደንት ነኝ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም ማለት ነው። ወረቀቱን ገልብጬ ሳየው ስለ መግቢያው ሁሉም ነገር አለ፤ ስለ መመለሻው አንድ መስመር የለም። ቤቱ ሙሉ ሰው አስተያየት ሰጠ፤ ከተባለው ውስጥ ግማሹ እኔም ከመሄዴ በፊት አምኜው የነበረ ነገር ነው። እዚህ ልጻፈው።

«ዲግሪውን ይዞ ከመጣ በነጋታው ሥራ ይገባል»

አይገባም። መጀመሪያ ዲግሪህ በተማርክበት አገር መረጋገጥ አለበት፣ ከዚያ እዚያው ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ማህተሙ ሲሟላ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ሄደህ የአቻ ግምት ታሠራለህ፣ ዲግሪህ ከአገር ውስጡ ጋር እኩል ነው የሚል ማረጋገጫ። ይሄ ሁሉ አልቆ ደግሞ የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና አለ። እሱን ሳታልፍ የሐኪም ፈቃድ የለህም፣ ፈቃድ ከሌለህ ደግሞ ሬዚደንሲ የሚባለውን የስፔሻሊስት ሥልጠና አታነሳውም።

እኔ አንዲት ማህተም ጎደለችብኝ። በአንዲት ማህተም 8 ወር። ወረቀቱን ለእረፍት ወደ ቻይና በሚመለስ ተማሪ ሻንጣ ልኬ፣ በሌላ ተማሪ ሻንጣ አስመጣሁት። በዚያ 8 ወር ሰፈሩ «ዶክተር» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ የእናቴን በርበሬ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት እመላለሳለሁ። ስለዚህ ተመራቂው ከተማረበት አገር ሳይወጣ ማህተሙን ይጨርስ። ኦርጅናሉን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የኢንተርንሺፕ (የመጨረሻው ዓመት የሆስፒታል ልምምድ) ማስረጃውን፣ ሁሉንም።

ስለ ኢንተርንሺፕ ካነሳን፦ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻውን ዓመት «አገርህ ሄደህ ሥራው» ይልሃል። ርካሽ ስለሚሆን ደስ ይላል። ግን እዚህ የሚቀበልህን ማስተማሪያ ሆስፒታል የምትፈልገው አንተ ነህ፤ ቦታው ደግሞ ለራሱ ተማሪ የተያዘ ነው።

«ውጭ የተማረ ለሬዚደንሲ ይመረጣል»

ይቺ ናት ዋናዋ። ሁሉም ሰው የሚያምናት፣ እኔም ያመንኳት።

የአገራችን ሬዚደንሲ በአገር አቀፍ ፈተና ነው የሚገባው፣ ጤና ሚኒስቴር ነው የሚያስተባብረው። ትፈተናለህ፣ የምትፈልገውን ትምህርት ክፍልና ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ትሞላለህ፣ ውጤትህና ያለው ቦታ ይገጣጠማል። ፈተናው የት እንደተማርክ አይጠይቅም። ስሙ የሚያምር ዩኒቨርሲቲ ነው ብሎ ነጥብ የሚጨምርልህ የለም።

እንዲያውም አገር ውስጥ የተማረው ማንም የማይቆጥርለት ጥቅም አለው። ጥያቄው የሚወጣበትን መንገድ ያውቃል፤ ያስተማሩት ሰዎች የሚያነቡትን መጽሐፍ ነው ያነበበው። ሲኒየሮቹ የፈተና ጥያቄ በቴሌግራም ያቀብሉታል። ሌሊት ዱቲ ላይ እንቅልፍ አጥቶ ያያቸው በሽታዎች ናቸው ፈተናው ላይ የሚመጡት። እኔ ሲቲ ስካን ማንበብ ከእነሱ ቀድሜ ለምጄ ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መመሪያችንንና የወባ መድኃኒት አሰጣጣችንን ግን እንደ አዲስ ቁጭ ብዬ ማጥናት ነበረብኝ። በመጀመሪያው ዓመት ተፈትኜ የፈለግኩትን አላገኘሁም። በሁለተኛው ነው የገባሁት።

ስፖንሰር የሚባል ነገርም አለ። ክልል ጤና ቢሮ ወይም ዩኒቨርሲቲ ያስተምርሃል፣ ስትጨርስ ውል የገባህለትን ጊዜ ያህል ታገለግላለህ። «ስፔሻላይዝ አድርጎ ወዲያው የግል ክሊኒክ» ብለው የሚያስቡ ቤተሰቦች ይቺን አይሰሙም።

አሁን ሂሳቡን ሥሩት። 6 ዓመት ትምህርት፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ወረቀትና ፈተና፣ የሬዚደንሲ ፈተና (አንዴ ከወደቀ ሌላ ዓመት)፣ ከዚያ የውስጥ ደዌ ወይም የሕፃናት ከሆነ 3 ዓመት፣ ቀዶ ሕክምና ወይም የማህፀንና ፅንስ ከሆነ 4ና ከዚያ በላይ። ጅዳ ያለችው እህት እስከ ስንተኛው ዓመት ነው የምትልከው? ማንም አልጠየቃትም።

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቋንቋ ችግር የለውም»

ክፍል ውስጥ አዎ። አልጋው ላይ የተኛው ሰውዬ ግን እንግሊዝኛ አይናገርም። አስተማሪው በቻይንኛ ያዋራዋል፣ ለእኛ ሁለት አረፍተ ነገር ይተረጉማል፣ እንሄዳለን። በሽተኛ ማናገር፣ የሕክምና ትልቁ ግማሽ፣ እንዲሁ ያልፍሃል።

ደሴ መጥቼ በመጀመሪያው ሳምንት ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» አሉኝ። እኔ ሮጬ ኢሲጂ፣ የልብ ምርመራ፣ አዘዝኩ። አጠገቤ የነበረችው ኢንተርን፣ እዚሁ የተማረች ልጅ፣ «እማማ፣ እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» አለች። እጃቸውን ከእምብርታቸው ከፍ አድርገው አስቀመጡት። ጨጓራ። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ነው፣ ቤታችንም እናቴ እንደዚያው ነው የምትለው፣ ግን 6 ዓመት በሽታን በሌላ ቋንቋ ሳስብ ከርሜ «ልብ» ሲሉኝ የታየኝ መጽሐፉ ላይ ያለው ልብ ነበር። ከከሚሴ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር፣ ከአፋር በኩል የሚመጣ በሽተኛ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ነው።

«እዚህማ ምን ይማራል፣ ዕቃም የለ»

ዕቃ ይጎድላል፣ አልዋሽም። በጦርነቱ ጊዜ ደሴ ሆስፒታል መዘረፉንም ሁላችንም አይተናል። ግን እዚህ ኢንተርን የሆነ ልጅ በእጁ ያዋልዳል፣ ይሰፋል፣ ሌሊት ብቻውን ይወስናል። እኔ ውጭ ሳለሁ ምጥ ያየሁት ከሦስት ሰው ትከሻ ጀርባ ቆሜ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄዶ የሥጋ ደዌ በሽተኛ በዓይኑ ያየና በስላይድ ያየ አንድ አይደሉም።

«ገንዘቡ ተቆጥሯል»

በምን ተቆጠረ? በብር ከሆነ ተጠንቀቁ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ። ክፍያው 4000 ዶላር ነው እንበል፦ 228 ሺህ ብር አዘጋጅቶ የተቀመጠ አባት ከ400 ሺህ በላይ ተጠየቀ ማለት ነው። ሱቅ ሸጠው ለልጃቸው የከፈሉ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ልጁ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ በዚህ በኩል ይሻላል። ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ ስለዚህ የብር መውደቅ እህቱን አይነካትም። እሷን የሚነካት ኢቃማዋ፣ የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃዷ፣ ነው። አሠሪዋ አላድስም ካለ የልጁ ትምህርትም አብሮ ያበቃል። ይሄንን ቡናው ላይ ስናገር ቤቱ ጸጥ አለ፣ ከዚያ አንዷ «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ብላ አለፈችው።

«አገሩ ቢበጠበጥ ሌላ ቦታ ይዛወራል»

ዩክሬን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022፣ ካርቱም በሚያዝያ 2023 ጦርነት ገባባቸው። ትራንስክሪፕት ሳይዝ የወጣ ተማሪ የሚያዛውረው ነገር የለውም። ቻይናም በኮቪድ ጊዜ ድንበሯን ዘግታ ተማሪው ከ2 ዓመት በላይ ከአገሩ ሆኖ በስልክ ሲማር ነበር። ሕክምና በስልክ! በየሴሚስተሩ ውጤትህን አስወጥተህ ኮፒውን ቤት ላክ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

«ካልሆነ እዚያው ወይ አሜሪካ ስፔሻላይዝ ያደርጋል»

ይቻላል፣ ግን «ካልሆነ» ተብሎ የሚያዝ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ሬዚደንሲ ካመለከቱ ዜግነታቸው የውጭ ከሆነና ውጭ ከተማሩ ሐኪሞች ቦታ ያገኙት 58 በመቶ ገደማ ናቸው፤ እዚያው የተማሩት የዓመቱ ተመራቂዎች ከ90 በላይ። ያውም እነዚያ 58ቱ ፈተናዎቹን ሁሉ አልፈው፣ ለፈተናና ለማመልከቻ በዶላር ከፍለው ነው። ጀርመን ደግሞ ቋንቋውን አጥንተህ፣ በጀርመንኛ ከሐኪም ጋር ስለ ሕክምና መነጋገር ተፈትነህ ነው።

«ኤጀንቱ ሁሉንም ይጨርሳል»

ኤጀንቱ የሚጨርሰው መግቢያውን ነው። ኮሚሽኑም እዚያው ያልቃል።

አትሂዱ እያልኩ አይደለም። እኔ ሄጄ አልጸጸትም፤ እዚህ ሕክምና ሳይደርሰው ሌላ ትምህርት ለተመደበ ልጅ ያለችው በር ያቺ ብቻ ልትሆን ትችላለች። የቸኮሉ ሰዎች ወጪውን ከመጀመሪያው ዓመት ይቆጥራሉ፤ እኔ ብሆን ከሬዚደንሲው ጀምሬ ወደ ኋላ እቆጥር ነበር።

ቡናው ላይ ልጁን «አሁን ለኤጀንቱ ደውልለት» አልኩት። ስፒከር ላይ አደረገው። ሦስት ነገር እንዲጠይቅ ነገርኩት፦ ዩኒቨርሲቲው በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መዝገብ ላይ አለ ወይ፣ ኢንተርንሺፑ የት ነው የሚሠራው፣ ከዚያ ተመርቆ እዚህ አቻ ግምት ያገኘ አንድ ሰው ሊያገናኘው ይችላል ወይ። ኤጀንቱ የመጀመሪያውን ቶሎ «አለ፣ አለ» አለ። ለሁለተኛው «እሱ ሲደረስ ይታያል» አለ። ሦስተኛውን ልጁ ሲጀምረው ኔትወርክ ተቆረጠ።

እናትየው ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ከረከቦቱ ስር ከተተችው። «በረካውን ቅጂ» አለቻት ለትንሿ ልጅ።